«ሌላ» የሚለው ዓምድ

ሰኔ ስምንት፣ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።
ከመድኃኒት ቤቱ ታዛ ሥር ነኝ፣ እግሩ በሚነቃነቅ በርጩማ፣
ቅጹ ጉልበቴ ላይ፣ እስክሪብቶው በክር አንገቴ ላይ፣
ማዶ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ባለ አራት ፎቅ ጨለማ።
በመስከረም ይከፈታል አሉ፤ ዘይትና ስኳር፣ ጫማና ማቀዝቀዣ፣
ጅማ አይታው የማታውቀው፣ ራሱ የሚሄድ መወጣጫ።
እኔ የተቀጠርኩት ለሁለት ቀን ነው፤ ሥራዬ መቁጠር፤
አራት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፤ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ አጥር።

ባጃጅ። ባጃጅ። ሚኒባስ። ባጃጅ። ከቆጪ የመጣ ጋሪ፣
ፈረሱ ከኩሬው ሊጠጣ ቆመ፤
ኢሱዙው ጮኸ ከኋላው፣ እንደ ተበደለ አበዳሪ።
ሁለት ተማሪ በአንድ ጃንጥላ፣
ሦስተኛው እየረጠበ የሚሮጥ ከኋላ።
ኢንጂነር ከማሉ «እግረኛን በአምስት በአምስት ጠቅልይ» ብሎኛል፤
ጠቀለልኩ፤ አንዱ ልጅ ግን የወለቀ ጫማውን ሊያነሳ ተመለሰ፤
እሱስ የት ይገባል?

ዘይቱና ከአጥሩ ሥር አቮካዶ ትቸረችራለች።
ዝርዝር ብር ፍለጋ፣ ውሃ ፍለጋ፣ ለሶላት፣ ልጇን ለማየት፣
ትሻገራለች፣ ትመለሳለች፣ ትሻገራለች።
እስከ ቀትር አሥራ አንድ ጊዜ ሰረዝኳት።
አንዲት ሴት ናት ወይስ አሥራ አንድ? ደወልኩለት ለከማሉ፤
«የሚቆጠረው ጉዞ ነው» አለኝ፣ «ሰው አይደለም።»
በማግስቱ ከሁሉ የበሰለውን መርጣ አንድ ሰጠችኝ፣
«ምንድን ነው ቀኑን ሙሉ የምትጽፊው?» አለችኝ።
«መኪና» አልኳት።

በአሥር ሰዓት አባ ዲጋ ከዳር ይቆማሉ፣
ከዘራቸውን ያነሳሉ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ ይገባሉ፤
ባጃጁም ቀጥ፣ ኢሱዙውም ቀጥ፣ ፈረሱ ሳይቀር ቀጥ ይላል።
ይህ ከዘራ መብራት ነው? ፖሊስ ነው? ምን ይባላል?
በቅጹ ጫፍ አንድ ጠባብ ዓምድ አለ፣ «ሌላ» የሚል፤
እዚያ አንድ ሰረዝ አሰመርኩላቸው፣ እጄ ቀጥ ብሎ፣ በክብር።

ማታ በቢሮው ከማሉ መጽሐፍ ገልጦ አሳየኝ፤
በመቶ ካሬ ይህን ያህል ጉዞ፣ በሰው አገር የተለካ።
እዚያ ሰው ብቻውን፣ በገዛ መኪናው ነው ለካ
ዳቦ ሊገዛ የሚወጣው።
እዚህ አምስት ሰው በአንድ ባጃጅ፣ ስድስተኛው ጀሪካን አቅፎ፣
ዶሮዋ ከሹፌሩ እግር ሥር፣ አንገቷ በበሩ አልፎ።
«ይህን እንዴት ላካፍለው?» አለ። ደክሞታል። ክፉ ሰው አይደለም።
በሁለት አባዛ፣ በሦስት አካፈለ፤
የወጣውን ቁጥር አየው፣ አላመነውም፣
ግን ጻፈው።

ሪፖርቱ በነሐሴ ወጣ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ እንዲህ ይላል፦
«ተጽዕኖው መጠነኛ ነው። ዜብራ ይቀባ። ጋሪ በጓሮ ይለፍ።
በአጥሩ ትይዩ ተደጋጋሚ መሻገር ታይቷል፤ ፍሰቱን ያውካል፤
መንስኤው ይነሳ።»
አሥራ አንድ ጊዜ።
በገዛ እጄ ሰረዝኳት ያልኩት
ለካ ሰረዝኳት።

መስከረም። መብራቱ በራ፣ መወጣጫው ሄደ፣ ሰው በሰው ላይ፤
የባጃጁ ሰልፍ እስከ አዌቱ ድልድይ።
ዜብራውን ክረምቱ ግማሹን ልጦታል።
ዘይቱናን አላየኋትም። የት ሄደች ብዬ የምጠይቅበት አፍም አጣሁ።
አባ ዲጋ ከዳር ቆመው ነበር።
ከዘራውን አነሱ።
አንድ ታርጋው የሩቅ የሆነ መኪና ጡሩምባውን ነፋና አለፈ፤
ሌላው ተከተለው፤ ሌላው፤ ሌላው።
ከዘራውን ቀስ ብለው አወረዱ፣
እንደ ማንኛችንም ጠበቁ፣ ከእኔ ጎን፣ ዝም ብለው።
አራት ደቂቃ።
ቅጽ አልያዝኩም ነበር።